ለቤት ምርቃት እንግዶች የፍራፍሬና የአይብ መቆያ፦ ምክራችሁን እሻለሁ

ጠያቂ፦ ባለ አዲስ ቤት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ቤት ሠርተን ከገባን ሦስት ወር ሆኖናል። በመጪው ጥቅምት አጋማሽ፣ እሑድ ዕለት፣ ካህናት ጸበል ረጭተው ቤቱን ከባረኩልን በኋላ ዘመድና ጎረቤት ሰብስበን ለማብላት አስበናል። የምንጠብቃቸው እንግዶች ወደ 25 ይደርሳሉ። ዋናው ምግብ አላስጨነቀኝም፤ ዶሮውም ክትፎውም እናቴና እህቶቼ ስላሉበት በሰባት ሰዓት ይቀርባል። ያስጨነቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶቻችን 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ መድረስ ይጀምራሉ። ይህን ያህል መንገድ የመጣ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ባዶ ሆዱን እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ በዳቦና በቆሎ ጠግቦ የእናቴን ዶሮ እንዲተወውም አልፈልግም። ስለዚህ በአንድ ጉርሻ የሚነሣ፣ እጅ የማያቆሽሽ፣ ፍራፍሬና አይብ አንድ ላይ የያዘ ቀለል ያለ መቆያ ለማቅረብ ወሰንኩ።

ሆኖም ባለፈው ፋሲካ ይህንኑ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ፓፓያ በትናንሹ ከትፌ ከአይብ ጋር ለወስኩትና በጎድጓዳ ሳህን ከድኜ አስቀመጥኩት። በአምስት ሰዓት ክዳኑን ስከፍት አይቡ ውኃ አቅርሮ ፓፓያው በውኃው ውስጥ ይዋኝ ነበር፤ ስቀምሰው ደግሞ ምላሴ ላይ የሚቆይ ምሬት አገኘሁበት። ዙሪያውን የደረደርኩት ሙዝ ጠቁሮ ነበር። ሳህኑን እንግዳ ሳያየው መልሼ ወደ ጓዳ አስገባሁት፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አይቡ ለምን ውኃ እንዳወጣ፣ ምሬቱ ከየት እንደመጣ፣ ከአይብ ጋር የሚስማሙት የትኞቹ ፍራፍሬዎች እንደሆኑ ብታስረዱኝ እወዳለሁ። በተጨማሪም ወሩ የጽጌ ጾም ያለበት በመሆኑ ከእንግዶቼ መካከል አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑት ይጾማሉ፤ ለእነርሱ ምን ባቀርብ ይሻላል?

መልስ፦ የሸኖ እናት

ልጄ፣ እንኳን ለአዲስ ቤትሽ አበቃሽ፤ የሳቅና የጨዋታ ቤት ያድርግላችሁ። እኔ ያደግሁት ሸኖ ነው፤ የአገራችን ቅቤ ስሙ የገነነ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ቅቤ ከሚገፋበት ቤት ደግሞ አሬራና አይብ አይጠፋም። ስለ ፍራፍሬው ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ አይቡ ልንገርሽ።

ከነገርሽን እንደምረዳው አይብሽ በደንብ አልተጠለለም። ከገበያ የሚመጣ አይብ ብዙውን ጊዜ አጓቱን እንደያዘ ነው፤ ለክትፎና ለጎመን ችግር የለውም፤ ፍራፍሬ ላይ ሲያርፍ ግን ወዲያው ይፈታል። በቤት የምታወጪው ከሆነ አሬራውን ለስላሳ እሳት ላይ ጣጂው። ጣትሽን ብትነክሪ ለአፍታ ብቻ የምትችዪው ሙቀት ላይ ሲደርስ አይቡ ይቋጠርና ከአጓቱ ይለያል። በዚህ ጊዜ በማንኪያ አትምቺው፤ ከመታሽው ይደቅና ከጨርቁ ጋር ይሾልካል። እሳቱንም አታብዢበት፤ ከበዛበት አይቡ ደርቆ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይሆናል። አጓቱ ጠርቶ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ቢጫ ሲመስል አውርጂና እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ገልብጠሽ፣ አፉን አስረሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰቅለሽ አሳድሪው። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ሌሊት እንደሆነ ከማቀዝቀዣ አያንስም።

መድረሱን የምታውቂው እንዲህ ነው፦ አንድ ጭብጥ አይብ በመዳፍሽ ጨምቀሽ ስትከፍችው የጣቶችሽን ቅርጽ ይዞ ከቆየና መዳፍሽን ካላራሰው ደርሷል። ጨው ግን ያን ጊዜ አታድርጊ። ጨው የቀረውን ውኃ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ጨውና ጤና አዳም የሚገቡት ልታቀርቢው ስትይ ብቻ ነው። ከስምንት ሊትር አሬራ አንድ ኪሎ ያህል አይብ ይወጣል። ለ25 ሰው ሁለት ኪሎ ብትይዢ አያሳፍርሽም።

መልስ፦ የፍራፍሬ ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት

እንኳን ደስ ያለዎት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ በደብረ ሲና አድርገን፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥተን ወደ እናንተ ደጋ ፍራፍሬ ስናመጣ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ የምሬቱን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ።

ፓፓያ ፓፓይን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር ፕሮቲንን ይበጣጥሳል፤ ያልበሰለ ፓፓያ ጠንካራ ሥጋን ለማለስለስ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። አይብ ደግሞ አብዛኛው ጠጣር ክፍሉ ፕሮቲን ነው። ሁለቱን ለውሰው አራት ሰዓት ካቆዩዋቸው ፓፓያው የአይቡን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል፤ ከተቆራረጠው ውስጥ የሚመር ጣዕም ይወጣል፤ የያዘውንም ውኃ ይለቃል። ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የጊዜው መርዘም ነው። ትኩስ አናናስም እንዲሁ ያደርጋል። በቆርቆሮ የታሸገ አናናስ ግን በሙቀት ስላለፈ ይህ ችግር የለበትም።

ይህ ማለት ግን ፓፓያን ይተዉት ማለት አይደለም። ደኅና አድርጎ የበሰለውን ይምረጡ፤ በበሰለው ላይ ፓፓይኑ ይቀንሳል። ከአይቡ ጋር ሳይነካኩ ለየብቻ ያስቀምጡና እንግዳ ሲቀመጥ ብቻ ያገናኟቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ለሚበላ ነገር ምንም ስጋት የለም። ከአይብ ጋር ለረጅም ጊዜ ተስማምቶ የሚቆየው ብርቱካን ነው፤ ነጩ ስስ ልባስ እስኪወጣለት ይላጡት፣ ሲቆረጥ የሚወጣውን ጭማቂ በወንፊት ያጥልሉት። ዘይቱን (ጓቫ) ካገኙ ጠንከር ያለው ክብ ክብ ተደርጎ ሲቆረጥ አይቡን ተሸክሞ ለመነሣት ይመቻል። ማንጎ በጥቅምት ላይገኝ ስለሚችል እርሱን ተስፋ አድርገው አይቀመጡ።

ሙዝ፣ አፕልና አቮካዶ የሚጠቁሩት ሲቆረጡ አየር ስለሚያገኛቸው ነው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው ቁርጥራጮቹን እያገላበጡ ቢነክሯቸው ለጥቂት ሰዓታት መልካቸውን ይይዛሉ። ሙዝን ግን እኔ በግሌ አልመክርም፤ ሎሚ ቢነካውም ይልመሰመሳል። ፍራፍሬውን ዓርብ ገዝተው ሳይቆረጥ ቢያሳድሩት፣ እሑድ ጠዋትም ቢቆርጡት ይበቃል።

መልስ፦ የወተት ባለሙያ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር እንዲያልፍ አልፈልግም። እናታችን እንዳሉት አሬራው የሚሞቀው እስከ 50 ዲግሪ ግድም ነው። ይህ አይቡን ለመለየት በቂ ነው፤ በጥሬ ወተት ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን የሚያመጡ ተሕዋስያን ለመግደል ግን በቂ አይደለም። ከ25 እንግዶች መካከል ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም ሕፃን አይጠፋምና ለእነርሱ ሲባል ወተቱ አስቀድሞ መፍላት አለበት።

አካሄዱ ከባድ አይደለም። ወተቱን ያፍሉት፣ ያቀዝቅዙት፣ ከጥሩ እርጎ ጥቂት ማንኪያ እንደ እርሾ ጨምረው እንዲረጋ ይተዉት፣ ከዚያ እንደተለመደው ገፍተው ቅቤውን ያውጡና አሬራውን ያሙቁ። አንዳንድ ሰዎች «ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,800 ሜትር ያላነሰ በመሆኑ ወተት ሳይበስል ቶሎ ይፈላብናል» ብለው ይጠይቁኛል። እውነት ነው፣ በእናንተ ከተማ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ግድም ላይ ነው፤ ነገር ግን ወተትን ከተሕዋስያን ለማጽዳት 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ወይም 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ የፈላ ወተት ደብረ ብርሃንም ላይ ቢሆን በስሏል።

ሌላ አማራጭም አለ። የእኛ አይብ ፍርፍር ስለሆነ በስቴኪኒ አይወጋም። በስቴኪኒ የሚወጋ ጠንካራ አይብ ከፈለጉ፣ ያልተገፋ ወተት አፍልተው እንዳወረዱት በየሊትሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂ በቀስታ ያንጠባጥቡበት፤ አጓቱ እስኪጠራ ድረስ ካልተቋጠረ ትንሽ ይጨምሩ። አጥልለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በሁለት ትሪዎች መካከል አድርገው ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ዕቃ ለሁለት ሰዓት ይጫኑበት። ከአንድ ሊትር ከ150 እስከ 200 ግራም ይገኛል። ወተቱ ስለፈላ ከላይ ያነሣሁት ስጋትም አይኖርም። የተዘጋጀው ሳህን ሰው በሞላበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ግን አደራ።

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

ሐሳቤ ከሌሎቹ የተለየ ቢሆን ቅር አይበላችሁ። እኔ ባደግሁበት መንዝ አይብ የሚቀርበው ከጎመንና ከክትፎ ጋር፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ነው። ማርና ብርቱካን ሲደረግበት ለታላላቆቻችን እንግዳ እንዳይሆንባቸው እሰጋለሁ። ለአንድ ቀን የተጠራ ሽማግሌ ያልለመደውን ነገር በይሉኝታ ሲጎርስ ማየት ለባለቤቲቱም አያስደስታትም። ስለዚህ ከሳህኖቹ አንዱ ጨው ጨው የሚል፣ የለመዱት ጣዕም ያለው ቢሆን እላለሁ።

የጾመኞቹን ጉዳይ ግን አጥብቄ ላሳስብ። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈቃድ በመሆኑም ጾመኛው «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ከሰው መካከል ተነጥሎ መታየት አይወድም። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጽጌን ጾማለች፤ በድግስ ቤት ሁሉ ሲበላ እርሷ ባዶ እጇን እየተቀመጠች «ጠግቤአለሁ» ስትል እሰማ ነበር። ስለዚህ የጾሙ ሳህን ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ቢላዋውና መክተፊያው አይብ ያልነካው ይሁን፤ በውበቱም ከፍስኩ እንዳያንስ። አቮካዶ በሎሚ፣ በጨውና በጥቂት ሚጥሚጣ ተፈጭቶ በተጠበሰ ዳቦ ላይ ሲቀመጥ፣ ከላዩም ብርቱካን ሲያርፍበት፣ ከአይቡ ጋር ጎን ለጎን ቢቀርብ መልኩ አያሳፍርም። ዳቦው ግን ወተትም ቅቤም እንቁላልም ያልገባበት መሆኑን ጋጋሪዋን ጠይቁ።

መልስ፦ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

ዘግይቼ በመምጣቴ ይቅርታ። የመንዙ ወንድማችን የተናገረው ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም በሥራ ቦታ ሁልጊዜ አንዱን ሳህን ጣፋጭ፣ አንዱን ጨው ያለው አድርገን ነው የምናወጣው።

በመጀመሪያ ስለ መጠን። ዋና ምግብ ለሚከተለው መቆያ ለአንድ ሰው አምስት ጉርሻ ይበቃል፤ ለ25 ሰው 125 ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ የጾሙን ሠላሳ ብታወጡለት አይብ የሚነካው 95 ይሆናል። ለአንዱ ጉርሻ 15 ግራም አይብ ይበቃዋል፤ ስለዚህ እናታችንን አክብሬ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃል እላለሁ። የተረፈው ከክትፎው ጋር ይቀርባል።

እኔ የማዘጋጀው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ ዓይነቱ ሲበዛ ሁሉም ይበላሻል። አንደኛው ቴምር ነው። ቴምሩን በአንድ ጎኑ ብቻ ሰንጥቄ ፍሬውን አወጣለሁ። በሁለቱም ጎን ከተሰነጠቀ አይቡን አይዝም። ወደ ውስጡ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የተጠለለ አይብ አስገብቼ፣ በጣቴ ገፋ አድርጌ፣ ከላይ የተቆላና የተፈረፈረ ለውዝ እጫንበታለሁ። አይቡ ከውስጥ እንዲታይ አፉን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም። ቴምሩ ጣፋጭ ስለሆነ ማር አያስፈልገውም፤ አይቡ ላይ ግን ቁንጥር ጨው አደርጋለሁ። ይህ ከሁሉ ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ነው፤ ቅዳሜ ማታ ተሠርቶ ተሸፍኖ ቢያድር ምንም አይሆንም።

ሁለተኛው የወተት ባለሙያው የነገሩን ጠንካራ አይብ ከብርቱካን ጋር በስቴኪኒ የሚወጋው ነው። ብርቱካኑን አስቀድሜ ወግቼ አይቡን ከታች አደርጋለሁ፤ አይቡ ሰፊ ስለሆነ ሳህን ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ናና ቅጠል ካለ አንዲት ቅጠል በመካከል ትገባለች። ጠንካራ አይብ መሥራት ካልቻሉ ከሱፐርማርኬት ፎርማጆ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል፤ ጨውም ስላለው ተጨማሪ ጨው አያሻውም።

ሦስተኛው ለታላላቆች የሚሆነው ነው። ድፎ ዳቦን በስሱ ቆርጬ፣ በምጣድ ላይ ያለ ዘይት አድርቄ፣ አይቡን ከጤና አዳም፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ሚጥሚጣ ጋር ለውሼ እቀባለሁ፤ ከላዩ አንዲት የፓፓያ ቁራጭ ብቻ አስቀምጣለሁ። ቅመሙን የለመዱ ሰዎች ፓፓያውን አይጠሉትም፤ የሚጥሚጣውን ማቃጠል ያበርድላቸዋል። ዳቦው እንዳይረጥብ ይህኛው የሚሠራው እንግዳው ወንበር ከያዘ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለዚሁ የተመደበች አንዲት ሴት ልጅ ወይም ወንድ ልጅ ጓዳ ውስጥ ይኑር። በጥቅምት ብርድ ከማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ አይብ ጥርስ ስለሚያቀዘቅዝና ጣዕሙ ስለማይሰማ፣ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ያውጡት።

ጠያቂ፦ ባለ አዲስ ቤት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እናቴ የሸኖዋም ምርቃትዎ ይድረሰኝ። ምክራችሁን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩምና ትናንት በአራት ሊትር አሬራና በሁለት ሊትር ወተት ሞከርኩት። አይቡን ዓርብ ማታ ሰቅዬ ሳድር ከጨርቁ ሥር ያስቀመጥኩት ሳህን በአጓት ግማሽ ሞልቶ ነበር፤ ያ ሁሉ ፋሲካ ላይ ከፓፓያዬ ጋር ተለውሶ እንደነበር ሲገባኝ ደነገጥኩ። አይቡ መዳፌን አላራሰውም።

ቴምሩን ልጆቼ ገና ሳልጨርስ ተሻሙበት። አማቴ ጣፋጩን ቀምሰው «ይህስ የልጆች ነው» ብለው ተዉት፤ የጤና አዳሙን ግን ሦስት ጊዜ አነሡ፤ ስለዚህ የመንዙ ወንድሜ ስጋት ትክክል ነበር፤ የጤና አዳሙ በብዛት እንዲቀርብ ወስኛለሁ። ጾመኛዋ ጎረቤቴ የአቮካዶውን ቀምሳ አብራኝ ለመሥራት ተስማማች፤ መክተፊያውንም ከራሷ ቤት ታመጣለች።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካልኝም። በሎሚ የሠራሁትን ጠንካራ አይብ አራት ማዕዘን አድርጌ ልቆርጠው ስል ጠርዙ ተፈረፈረብኝ፤ በስቴኪኒ ስወጋውም ግማሹ ተሰነጠቀ። ከትሪዎቹ መካከል አውጥቼ ወዲያው ነበር የቆረጥኩት። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

የጎደለዎት ማሳደር ብቻ ነው። ከጫኑት በኋላ ከነጨርቁ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር፤ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠርተው እሑድ በሦስት ሰዓት ይቁረጡት። ቢላዋውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ ሳይመላለሱ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑት፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም እንደገና ይንከሩት። ስቴኪኒውን ሲያስገቡ በቀጥታ አይግፉት፤ በጣትዎ መካከል እያዞሩ ያስገቡት።